በቀን አራት ጀሪካን

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ አበባ ማጠጣት ነውር ነው ወይስ አይደለም? በየከተማው አዲስ መናፈሻ በተከፈተ፣ የመንገድ ዳር አበባ በተተከለ ቁጥር ይህ ክርክር ይነሳል። አንዱ ወገን «ሕዝብ እየተጠማ አበባ ምን ይሠራል?» ይላል። ሌላው «ድሃ ከሆንን መቆሸሽም አለብን እንዴ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ጥሩ ጭብጨባ ያገኛሉ። ነገር ግን ከተከራካሪዎቹ አብዛኞቹ ጎማው ከየት እንደተነሳ፣ ስንት ሊትር እንደሚፈስበት፣ አጠገቡስ ማን ጀሪካን ይዞ እንደቆመ አላዩም።

እኔ ባለፈው የካቲት አርሲ ውስጥ፣ ጭላሎ ተራራ ከሩቅ በሚታይባት አንዲት ትንሽ ከተማ አንድ ሳምንት ቆይቻለሁ። ስሟን አልጠራም። ብጠራው ነገሩ የአንድ ጽሕፈት ቤት ወቀሳ ሆኖ ይቀራል፤ ያየሁት ደግሞ የብዙ ከተሞቻችን ነገር ነው። ለሥራ የምፈለገው ከሰዓት በኋላ ብቻ ስለነበር ጠዋት ጠዋት የምውለው በከተማዋ መናፈሻ ውስጥ ነበር።

መናፈሻው ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። ስፋቱ የእግር ኳስ ሜዳ ግማሽ ቢሆን ነው። መግቢያ አይከፈልም፤ ይህን ያህል ትንሽ ነገር እንኳን ዛሬ ዛሬ እንደ ብርቅ መነገር አለበት። መሐሉ ላይ በድንጋይ የተከበበ ክብ መደብ አለ፤ ውስጡ ብርቱካናማ ሜሪጎልድ ጥቅጥቅ ብሎ ተተክሎበታል። ከክቡ በአራት አቅጣጫ የኮብልስቶን መንገድ ይወጣል። በመንገዶቹ ግራና ቀኝ ጽጌረዳ ተደርድሯል። በታችኛው ጥግ፣ የውሃ መውረጃው ዳር፣ ነጭ ካላ ሊሊ አለ። የቀረው ሣር ነው። አራት አምስት የቆዩ ጽዶች ጥላ ይሰጣሉ፤ ከሥራቸው የሲሚንቶ አግዳሚ ወንበሮች አሉ፤ ግማሾቹ መደገፊያቸው ተሰብሯል። መግቢያው በር ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ቡገንቪሊያ ዓምዱን አልፎ ቅስቱ ላይ ወጥቶ ተንተርሷል።

የካቲት በደጋው የገለባ ወር ነው። ስንዴውም ገብሱም ታጭዶ አልቋል፤ ከከተማው ወጣ ሲሉ መሬቱ እስከ ተራራው ድረስ የአንበሳ ቆዳ መስሏል። ነፋሱ አቧራ ይዞ ይመጣል። ከዚያ መሐል ያቺን አረንጓዴ ቁራሽ ድንገት ሲያዩ ዓይን ይርሳል። መናፈሻውን ወድጄዋለሁ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ መወደድ ጋር ይነበብልኝ።

የመጀመሪያው ጠዋት ላይ፣ ከ1 ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ፣ አትክልተኛው ጎማውን ሲዘረጋ አየሁ። ከመናፈሻው አጥር ውጭ፣ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ቦኖ አለ። ቦኖው ደረቅ ነበር። ጀሪካኖች ግን ተሰልፈዋል፤ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አንዳንዱ ክዳኑ በላስቲክ የታሰረ። የዚያ ሰፈር ፈረቃ የሚደርሰው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ አይታወቅም። ስለዚህ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን በማለዳ አስቀምጠው ወረፋ ይይዛሉ፤ ልጅ አጠገቡ ይጠብቃል። ከአጥሩ ወዲህ ጎማው ሜሪጎልዱ ላይ ይረጫል። ከአጥሩ ወዲያ ጀሪካኑ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። የመናፈሻው መስመር ከማዘጋጃ ቤቱ ግቢ የተቀጠለ ስለሆነ ፈረቃው አይነካውም።

አንድ ነገር ማወቅ ፈልጌ አትክልተኛውን ይቅርታ ጠይቄ ከጥበቃው ቤት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ተዋስኩና በጎማው ሞላሁ። ሁለት ደቂቃ ፈጀ። በደቂቃ አሥር ሊትር ማለት ነው። አትክልተኛው በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል ያጠጣል። ሒሳቡን እናንተም መሥራት ትችላላችሁ፤ 60 ጀሪካን፣ 1,200 ሊትር። በቦኖ ዋጋ ለአንዱ ጀሪካን ሁለት ብር፣ ፈረቃው ሲጠፋ በአህያ ጋሪ ከሚያዞሩት ደግሞ ሃያ ብር። ጀሪካኑን መልሼ ጽዱ ሥር ደፋሁት። ለነገሩ ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ሴቶች ሁሉ እያዩኝ ነበር።

መናፈሻው በር አጠገብ ቡና የምታፈላ ሴት አለች። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ ይጠጋል። ጀበናዋን ከጣደችበት ቦታ ሆና ቦኖውንም ጎማውንም እኩል ታያለች። ሁለተኛ ቀን ላይ ስኒውን ስታቀብለኝ ራሷ ጀመረችው።

«ትናንት ጀሪካን የለካኸው አንተ ነህ አይደል? የውሃ ቢሮ ሰው መስለኸን ነበር።»

አይደለሁም አልኳት።

«እንዲያው ከሆንክ ንገርልን ልልህ ነው። አበባው ከእኛ ቀድሞ ፊቱን ይታጠባል።»

አጠገቧ የተቀመጡት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። እኔ ይህን ዓረፍተ ነገር ይዤ አዲስ አበባ ገብቼ «ሕዝብ እየተጠማ አበባ» የሚል ጽሑፍ ጽፌ ጭብጨባዬን ልወስድ እችል ነበር። ግን በማግስቱ ዝናብ የሌለበት ነፋስ መጣና ሸራዋ ሲገነጠል፣ ስኒና ከሰሉን ተሸክመን ከመናፈሻው ጀርባ እስካለው ቤቷ አደረስናት። በረንዳዋን ያየሁት ያኔ ነው።

አሥራ ሁለት ጣሳ ቆጠርኩ። የዱቄት ወተት ጣሳ፣ የዘይት ባልዲ፣ ለሁለት የተቆረጠ ጀሪካን፣ አንድ እጀታው የወለቀ የሻይ ማንቆርቆሪያ። ጄራኒየም ቀይና ሮዝ፣ ጤና አዳም፣ አሪቲ፣ ስሙን የማላውቀው ተንጠልጣይ ነገር። ሁሉም ደህና ናቸው። እንዲያውም የእሷ ጄራኒየም ከመናፈሻው ሜሪጎልድ የበለጠ ፊቱ ይታያል። በምን ታጠጪዋለሽ አልኳት። ጥያቄው ገረማት። «በእጣቢ ነዋ» አለች። የስኒ እጣቢ፣ የጎመን እጣቢ። ሳሙና ያለበትን ለመሬት፣ ሳሙና የሌለበትን ለጣሳ። የቡናውን አተላ ደግሞ አድርቃ ከአፈሩ ጋር ትደባልቃለች።

በሳምንት ሁለት ቀን ውሃ የሚደርሳት ሴት አሥራ ሁለት ጣሳ አበባ አላት። በበጋ። ስለዚህ «ድሃ አበባ አያስፈልገውም» የሚለው ክርክር እዚያ በረንዳ ላይ አለቀልኝ። «ለውበት ሲባል ትንሽ ጀሪካን ቢቀርስ» የሚለውም አብሮት አለቀ። ሴትዮዋ አበባን አትጠላም። የጠላችው አበባው የሚጠጣበትን መንገድ ነው። የምትጠጣውን ውሃ ለአበባ ሰጥታ አታውቅም፤ አበባዋም ሞቶባት አያውቅም።

እዚህ ላይ ለመናፈሻው መከራከር እፈልጋለሁ፤ በሳምንቱ ውስጥ ማን ማን እንደሚገባበት ስላየሁ። ጠዋት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ይመጣሉ፤ ቤታቸው መብራት ቢኖርም ባይኖርም ጸጥታ የለም፤ ጽዱ ሥር ሆነው ይጠናናሉ። ረፋድ ላይ ጡረተኞች ጋቢያቸውን ለብሰው ፀሐዩን ተከትለው ከወንበር ወደ ወንበር ይዘዋወራሉ። ጤና ጣቢያው ቅርብ ስለሆነ የታመመ ልጅ የያዙ እናቶች ካርድ እስኪወጣ እዚያ ይጠብቃሉ። አንዲት ከገጠር የመጣች እናት ልጇን አቅፋ ክቡን መደብ ስትዞር አይቻለሁ፤ አበባውን አንድ በአንድ እያሳየችው። እሑድ ደግሞ ሙሽሮች አሉ። በትንሽ ከተማ ሰው ሳይገዛ፣ ሳይከፍል፣ «ምን ልታዘዝ?» ሳይባል የሚቀመጥበት ቦታ ሌላ የት አለ? ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ግቢ ብቻ ነው። መናፈሻው ይነቀል የሚል ካለ እኔ ከእሱ ጋር አይደለሁም።

ደግሞ ስለ ውሃው ሐቀኛ እንሁን። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ወደ መናፈሻው ሲመጣ፣ አስፋልቱ ዳር አንድ የቧንቧ መገጣጠሚያ ያንጠባጥባል። እርሳስ የማታክል ቀጭን ፈሳሽ ነች። ከሥሯ ሣር በቅሎ ፍየሎች ይግጡታል፤ የቆየ መሆኑ ከዚያ ይታወቃል። የሃይላንድ ጠርሙስ ሥሯ ደቅኜ ለካሁ፤ አንድ ሊትር በአንድ ደቂቃ ገደማ ይሞላል። ሌትና ቀን ስለማትቆም በቀን 1,440 ሊትር ነው። 72 ጀሪካን። ከመናፈሻው ጎማ በ12 ጀሪካን ይበልጣል። ከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ መገጣጠሚያ ያ ብቻ አይመስለኝም። ስለ እሱ ግን ማንም አይቆጣም፤ ቡና አፍይዋም አታነሳውም፤ ፍየሎቹም ደስተኞች ናቸው። ጎማው ይታያል፣ ቧንቧው አይታይም። አበባውን የሚወቅስ ሰው ከወቀሳው ግማሹን ወደ መናኸሪያው መንገድ ቢያዞረው አልጠላም።

ይህ ግን ጎማውን ነፃ አያወጣውም። የቧንቧው ብልሽት ነው፤ የጎማው ግን ውሳኔ ነው። በየጠዋቱ ሰው እጁን ዘርግቶ የሚከፍተው ነገር ነው። ተሰልፎ የሚያይ ሰው ደግሞ በሊትር አያስብም፤ ማን እንደቀደመው ነው የሚያየው።

ታዲያ መናፈሻው ለምን በቀን 60 ጀሪካን ይጠጣል? መልሱ ያለው ከተተከለው ነገር ላይ ነው።

ሜሪጎልድ የሜክሲኮ ተክል ነው። አንድ ወቅት አብቦ ያልፋል፤ ከዚያ ተነቅሎ አዲስ ችግኝ ይገባል፤ ጥቅጥቅ ብሎ በጠራራ ፀሐይ ሲተከል ደግሞ በየቀኑ ይጠማል። ካላ ሊሊ ከሁሉም የባሰች ናት፤ በትውልድ አገሯ ረግረግ ውስጥ የምትበቅል ናት። እዚህ ላይ የምትገርም ነገር አለች። የካላ ሊሊ ሳይንሳዊ ስም «ዛንቴዴስኪያ ኤቲዮፒካ» ነው። ሰው ይህን ሰምቶ «የእኛው አበባ ናት» ይላል፤ ከጎብኚዎች አንዱ በኩራት ሲያስረዳ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አገሯ ግን ደቡብ አፍሪካና አካባቢው ነው። የድሮ አውሮፓውያን ከግብፅ በታች ያለውን አፍሪካ በጥቅሉ «ኢትዮጵያ» ይሉት ስለነበር የወጣላት ስም ነው። ስማችንን ይዛ ውሃችንን የምትጠጣ እንግዳ ናት ማለት ነው። እንግዳ አልጠላም። ጄራኒየሙም የደቡብ አፍሪካ ነው፤ በረንዳ ላይ በእጣቢ እየኖረ ነው። ቡገንቪሊያውም ከደቡብ አሜሪካ ነው። ነገሩ ያለው ተክሉ ከየት በመምጣቱ ላይ አይደለም፤ መጥቶ እንዴት በሚኖርበት ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ አንድ ያልተጻፈ ትእዛዝ አለ፤ አበባ ዓመቱን ሙሉ ማበብ አለበት የሚል። ይህን ያለው ማነው? የእኛ አቆጣጠር አላለም። አደይ አበባ ክረምቱን ጠጥታ መስከረም ላይ ትፈነዳለች፤ ዘሯን ጥላ ትሄዳለች። በቤተ ክርስቲያናችን ዘመነ ጽጌ የሚባለው ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው 40 ቀን ነው። ደጋው ራሱ የሚያብበው በዚያው ሰሞን ነውና የተመረጠው ጊዜ በዘፈቀደ አይመስለኝም። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ዋና ከተማችንን «አዲስ አበባ» ብለው ሲሰይሙም ጎማ የያዘ ሰው አጠገባቸው አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ የሚያብብ አበባ የምናውቀው ከሁለት ቦታ ነው፤ ከሆቴል ግቢና ከአበባ እርሻ። ባቱ የሄደ ሰው በፕላስቲክ የተሸፈኑትን ቤቶች አይቷል። ጽጌረዳው እዚያ በጠብታ መስኖ ሥሩ ላይ ብቻ እየተለካ ይጠጣል፣ ይቆረጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ በአውሮፕላን ወደ ኔዘርላንድስ ይሄዳል። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ አበባ ላኪ የሆነችው በዚህ ነው። እርሻው ሻጭ ነውና ዓመቱን ሙሉ ማበብ አለበት። የትንሽ ከተማ መናፈሻ ግን ምን የሚሸጠው አለው? ደግሞ ከእርሻው የወሰድነው ማበቡን ብቻ ነው፤ ጠብታውን አልወሰድንም። ለትርፍ የሚሠራው በጠብታ ያጠጣል፤ የሕዝብ የሆነው በጎማ ይረጫል።

አንድ የምታስቸግረኝ ነገር እዚህ ላይ አለች፤ ሙሽሮቹ። ሠርጋችን በብዛት ጥርና የካቲት ነው፤ ዐቢይ ጾም ሳይገባ። ማለትም ሰው አበባ በጣም የሚፈልግበት ጊዜ መሬቱ አበባ የሌለው ጊዜ ነው። «መናፈሻው በበጋ ይረፍ» ብዬ ብጨርስ ይቀለኝ ነበር፤ ግን አንዲት ልጅ በሠርጓ ቀን ገለባ ፊት ቆማ ፎቶ ትነሳ ማለት ነው። ስለዚህ በበጋ የተወሰነ ነገር ማበብ አለበት። ጥያቄው ምን ያህሉና በማን ውሃ ነው።

በማን ውሃ ለሚለው መልሱ ከመንገዱ ማዶ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። በእርምጃ ለካሁት፤ 20 ሜትር በ15 ሜትር ይጠጋል፤ 300 ካሬ ሜትር። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። አንድ ጠንከር ያለ የሐምሌ ዝናብ 20 ሚሊ ሜትር ቢጥል ከዚያ ጣሪያ 6,000 ሊትር ይወርዳል። አሸንዳው ግማሹ ወድቋል፤ ያልወደቀውም ውሃውን ቦይ ውስጥ ይደፋዋል፤ ቦዩ ገበያውን አጥለቅልቆ ይሄዳል። ባለ 10,000 ሊትር አንድ ሮቶ በሁለት ዝናብ ይሞላል።

ይህን ስል «ሮቶ ይተከል፣ ችግሩ ተፈታ» የሚል ይኖራል። አልተፈታም። ሮቶው ሞልቶ በጋ ቢገባ፣ በአሁኑ አጠጣጥ ስምንት ቀን ነው የሚቆየው። ዘጠነኛው ቀን ጎማው ወደ ቧንቧው ይመለሳል። ስለዚህ ሒሳቡን ከኋላ እንጀምረው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት መጨረሻ 120 ቀን ነው። 10,000 ሊትር ለ120 ቀን ሲካፈል 83 ሊትር ነው። በቀን አራት ጀሪካን። ያ የመናፈሻው ድርሻ ነው፤ ከማንም ያልተወሰደ፣ ከሰማይ የመጣ። ጥያቄው «አበባ ወይስ ሰው» መሆኑ ይቀርና «በቀን አራት ጀሪካን ምን ዓይነት መናፈሻ ይኖራል?» ይሆናል። ይህ ደግሞ የአትክልተኛ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ አትክልተኛውን ጠየቅሁት። ስልሳን ያለፉ አዛውንት ናቸው። ከጎማው ጋር ሳያቸው እሳቸውን የጥፋቱ ባለቤት ማድረግ ቀላል ነበር፤ ግን ሜሪጎልዱ የእሳቸው ሐሳብ አይደለም። «ጎብኚ ይመጣል ሲባል ቢጫ ተከል ይሉኛል። ተክዬ ጎብኚው ሄዶ፣ ማጠጣቱ ለኔ ይቀራል» አሉኝ። ስለ አራቱ ጀሪካን ስነግራቸው አልሳቁብኝም። ቁጭ ብለው አሰቡ። ከዚያ በጣታቸው እየቆጠሩ መናፈሻውን በቃል አፈረሱና መልሰው ሠሩት።

ክቡ መደብ ይነሣ፤ ካላዋም ትነሣ። ሣሩ ይተው፤ ሠርዶ በበጋ ይቢጫል እንጂ አይሞትም፤ የመጀመሪያው ዝናብ ይመልሰዋል። ጽጌረዳው ይቆይ። ሥር የያዘ ጽጌረዳ እግሩ በገለባ ከተሸፈነ በየሦስት ቀኑ ሁለት ሊትር ይበቃዋል፤ ግን በጎማ ሳይሆን፣ ቂጡ በመርፌ የተበሳ የሃይላንድ ጠርሙስ ከሥሩ ተቀብሮ። (ይህ የድሃ ጠብታ መስኖ ነው፤ እሳቸው አንድ ረድፍ ላይ ሞክረውት አይቻለሁ።) ጽጌረዳዎቹን ቆጠርን፤ ዘጠና ናቸው። ዘጠና በሁለት ሊትር በሦስት ቀን፣ በቀን ሦስት ጀሪካን። አንድ ጀሪካን ተረፈን። እሱን ለአዲስ ችግኝ አሉ።

የአጥሩ ሽቦ በቀጋ ይተካ አሉ። ቀጋ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮው የሚበቅል ጽጌረዳ ነው፤ ነጭ ያብባል፤ ቀይ ፍሬውን በልጅነቱ ያልበላ የደጋ ሰው የለም። ማንም ሳያጠጣው ድንጋይ መሐል ይኖራል። ድሮ አጥሩ ላይ ነበር አሉ፤ «እሾህ ነው፣ መልክ ያበላሻል» ተብሎ ተነቀለ። ከዚያ ወዲህ የነፈሰበት ቦታ ጦስኝ ይበተን። ደጋ የለመደ ነው፤ ሲረግጡት ይሸታል። ጽዱ ሥር እንሶስላ። ይህን ሲሉ ወደ መሣሪያ ማስቀመጫው ጀርባ ወሰዱኝ። ማንም የማያይበት ጥግ፣ ከእጅ መታጠቢያው የሚወርደው ውሃ የሚያርሰው ቦታ ላይ፣ የእንሶስላ ሥር ቀብረዋል፤ ለጊዜው ደረቅ አገዳ ብቻ ነው የሚታየው። ክረምት ላይ ነጭ አበባ ያወጣል፤ ጉሮሮው ሐምራዊ ነው፤ ማታ ይሸታል። ሠርግ ሲደርስ የሰፈሩ ሴት ልጆች ለእጅና ለእግራቸው ሥሩን ሊለምኗቸው ይመጣሉ። በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ በተክልነቱ የሚፈለግ ነገር ከመሣሪያ ቤት ጀርባ ተደብቆ ያድጋል፤ ፊት ለፊት ላይ ሜሪጎልድ በጎማ ይኖራል።

«ይህን ለኃላፊዎቹ ለምን አይነግሯቸውም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ የቀን ሠራተኛ ነኝ» አሉ። «ዘንድሮ ልኑር አልኑር የማውቀው በሐምሌ ነው።»

ይህችን ነገር ዝም ብዬ ላልፋት አልችልም። መናፈሻ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ ድንጋዩ፣ ፏፏቴው፣ መብራቱ በጀት አለው። የአትክልተኛው ደመወዝ ግን በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚለመን ነው። ይህ ሰው የትኛው መደብ በየትኛው ወር እንደሚጠማ ያውቃል፤ ጠርሙስ መበሳት ያውቃል፤ ቀጋው የት እንደነበር ያስታውሳል። ሐምሌ ላይ ውሉ ካልታደሰ በምትኩ የሚመጣው ወጣት የሚረከበው አንድ ነገር ነው፤ ጎማውን። የአሸንዳውና የሮቶው ወጪ አንድ ጊዜ ነው፤ አሁን በየዓመቱ ሦስት ጊዜ ከሚገዛው የሜሪጎልድ ችግኝ ጋር ቢተያይ ብዙ ርቀት ያለው አይመስለኝም። የጠፋው ገንዘብ አይደለም። አትክልተኛውን ቁጭ አድርጎ የሚጠይቅ ሰው ነው የጠፋው። እኔ አንድ ጠዋት ብቻ ነው የፈጀብኝ፤ ያውም ቡና እየጠጣሁ።

እሑድ ዕለት፣ ከመሄዴ በፊት፣ ሁለት ሙሽሮች መጡ። አንደኛዎቹ በሚኒባስ፣ ሌሎቹ በተሸለሙ ባጃጆች። ፎቶ አንሺው ሚዜዎቹን ከወዲያ ወዲህ ሲያሯሩጥ አትክልተኛው አጠገቤ ቆመው ነበር። ክቡ መደብ ላይ ሜሪጎልዱ በዚያ ጠዋት በደንብ ጠጥቶ ያበራል። ከሁለቱ ሙሽሮች አንዳቸውም ወደ እሱ አልሄዱም። ሁለቱም ተራ በተራ የቆሙት በሩ ላይ፣ ከቡገንቪሊያው ሥር ነው። ቅስቱን ሞልቶ ሐምራዊ ሆኖ ነበር። አትክልተኛውን ይህን በየስንት ቀኑ ያጠጡታል አልኳቸው።

«እሱን?» አሉ። «እሱ ካጠጡት ቅጠል ብቻ ነው የሚያወጣ። እኔ እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ውሃ ሰጥቼው አላውቅም።»